ገና ለገበያ ያልቀረበ ዕቃ ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚመረመር

በሞባይል ስልክና በመለዋወጫው ንግድ የሚተዳደር ነጋዴ ጧት ሱቁን ሲከፍት አንድ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ተልኮለት ያገኛል። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው በመጪዎቹ ወራት ይወጣል እየተባለ የሚወራለት አዲስ ስልክ ነው። ላኪው በጓንግዡ ወይም በዱባይ ያለ ዕቃ አቅራቢ ሲሆን ከፎቶግራፉ ግርጌ «የዚህን ስልክ ከቨር ዛሬ ያዘዘ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ተወዳዳሪ ይሸጣል» የሚል ቃል አክሎበታል። በዚያው ሰዓት በነጋዴው መጋዘን ውስጥ የዛሬው ሞዴል ከነካርቶኑ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። እንግዲህ ነጋዴው ሁለት ነገር መቁረጥ አለበት፤ ይኸውም ላላየው ዕቃ ቀብድ ይላክ ወይስ አይላክ፣ በእጁ ያለውንስ በቅናሽ ያራግፍ ወይስ ይያዝ የሚለው ነው። ፎቶግራፉ እውነተኛ ከሆነ መዘግየት ያከስረዋል፤ ሐሰተኛ ከሆነ መቸኮል ያከስረዋል። ለማይሆን ዕቃ የወጣ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ በቀላሉ ተመልሶ የሚገኝ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ መርምሮ መለየት እንደ ሒሳብ አያያዝ ሁሉ ከንግድ ዕውቀት አንዱ ሆኖአል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ስለዚሁ ምርመራ የተዘጋጀ ትምህርት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብ።

በወሬ የደረሰ ጉዳት

ጉዳዩ የጨዋታ አለመሆኑን ለመረዳት በ2011 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ዓመት አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቀጥሎ የሚያወጣው አይፎን ጀርባው ከአንድ ወገን ወፍሮ ወደ ሌላው ወገን እየሳሳ የሚሄድ፣ ስክሪኑም ከቀድሞው የሰፋ ነው ተብሎ በብዙ አገር ተወራ። በወሬው መሠረት የተሣሉ ሥዕሎች ተበተኑ፤ ከሥዕሎቹም ልክ ተወስዶ የከቨር ሞልድ ተቀረጸ፤ ከቨሮቹም ስልኩ ሳይታይ ለሽያጭ ቀረቡ። ኩባንያው ኦክቶበር 4 ቀን 2011 አዲሱን ስልክ ሲገልጥ ግን የወጣው አይፎን 4ኤስ ሆነ፤ የውጭ አካሉም ከአይፎን 4 ብዙም የማይለይ ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር 2012 የወጣው አይፎን 5 እንኳ ጀርባው ጠፍጣፋ እንጂ እየሳሳ የሚሄድ አልሆነም። ስለዚህ እነዚያ ከቨሮች ለዚያም ዓመት ለሚቀጥለውም የማይሆኑ ሆነው ቀሩ። ከቨር እንደ ልብስ ጠብቦ ወይም ሰፍቶ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ልኩ በሁለት ሚሊሜትር የተሳሳተ እንደ ሆነ ካርቶኑ በሙሉ ቆሻሻ ነው።

በእጅ ያለውን ዕቃ በተመለከተ ደግሞ የኦስቦርን ኮምፒዩተር ኩባንያ ታሪክ ይነገራል። ይህ የአሜሪካ ኩባንያ በ1981 ኦስቦርን 1 የተባለውን ከቦታ ወደ ቦታ ሊወሰድ የሚችል ኮምፒዩተር በ1,795 ዶላር መሸጥ ጀምሮ በአጭር ጊዜ ገናና ሆነ። በ1983 ግን ከዚያ የሚበልጡ ሞዴሎች እየመጡ መሆናቸው አስቀድሞ ስለ ተሰማ ሻጮቹ «አዲሱ እስኪመጣ እንጠብቃለን» ብለው ትእዛዛቸውን ሰረዙ። አዲሱ ሳይደርስ አሮጌው መሸጡን ስላቆመ ኩባንያው በሴፕቴምበር 1983 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ለውድቀቱ ሌላም ምክንያት እንደ ነበረ የሚከራከሩ አሉ፤ ቢሆንም ገና ያልወጣ ዕቃ ወሬ የወጣውን ዕቃ ሽያጭ እንደሚገድል የማያውቅ የመርካቶ ነጋዴ አይገኝም።

ወሬው ፎቶግራፍ ሳይሆን ጽሑፍ ሲሆንም ጉዳቱ ያው ነው። ሜይ 16 ቀን 2007 ኤንጋጅት የተባለው የቴክኒክ ዜና አቅራቢ አይፎን ከጁን ወደ ኦክቶበር ተላልፎአል የሚል ከአፕል የውስጥ ደብዳቤ የተገኘ ዜና አወጣ። ዜናው በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የአፕል አክሲዮን ጠቅላላ ዋጋ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቀነሰ። ደብዳቤው ግን ሐሰተኛ ነበረ፤ ኩባንያው ካስተባበለ በኋላ የአክሲዮኑ ዋጋ ቢያንሰራራም በመካከሉ ደንግጦ የሸጠው ሰው ኪሳራው በእጁ ቀርቶአል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ደብዳቤው የኩባንያውን አለቆች ቃል አስመስሎ ለኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው የተላከ መሆኑ ነው። ለዜና አቅራቢው ያቀበለው ሰውም እውነት መስሎት ነበረ። እንግዲህ አቀባዩ ታማኝ መሆኑ ብቻውን የወረቀቱን እውነተኛነት አያስረዳም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ፎቶግራፍ ሲቀርብ አብዛኛው ሰው «ይህ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ሦስት ጥያቄዎችን በአንድነት የጠቀለለ ስለ ሆነ አስቀድሞ መፈታት አለበት። አንደኛው፣ ፎቶግራፉ በካሜራ የተነሣ ነው ወይስ በኮምፒዩተር የተሣለ? ሁለተኛው፣ በካሜራ የተነሣ ቢሆንም የተነሣው ዕቃ ከአምራቹ ፋብሪካ የወጣ ነው ወይስ ሌላ ሰው የሠራው አምሳያ? ሦስተኛው፣ ከፋብሪካው የወጣ ቢሆንም ለሽያጭ የሚቀርበው ይኸው ነው ወይስ ለሙከራ ተሠርቶ የሚጣል ናሙና?

አንደኛውና ሁለተኛው ጥያቄ ሲምታቱ የሚሆነውን የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በ1917 በእንግሊዝ አገር ኮቲንግሊ በምትባል መንደር ኤልሲ ራይትና ፍራንሲስ ግሪፊትስ የተባሉ ሁለት ዘመዳማች ልጆች በአገሩ ተረት ከሚነገርላቸው ክንፍ ካላቸው ትናንሽ ፍጥረታት ጋራ የተነሡትን ፎቶግራፍ አሳዩ። አንድ የፎቶግራፍ ዐዋቂ ነጋቲቩን መርምሮ ምንም ያልተነካካ መሆኑን መሰከረ። ሸርሎክ ሆምስን የፈጠረው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይልም በዲሴምበር 1920 በስትራንድ መጽሔት ላይ አምኖበት ጻፈ። ሁለቱ ሴቶች እነዚያ ፍጥረታት ከወረቀት ተቆርጠው በባርኔጣ መርፌ የቆሙ ሥዕሎች እንደ ነበሩ የገለጡት ካረጁ በኋላ በ1983 ነው። የመርማሪው ቃል አልተሳሳተም፤ ነጋቲቩ በእርግጥ አልተነካካም ነበረ። ሐሰተኛው በካሜራው ፊት የቆመው ነገር ነው። ዛሬም «በፎቶሾፕ አልተነካም» የሚል ምስክርነት ይዞ የሚመጣ አቅራቢ የመለሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ መሆኑን መንገር ያስፈልጋል።

ስለ ምንጩ

የጽሕፈት ሥራ የለመደ ሰው አንድ ደብዳቤ ሲደርሰው በቅድሚያ የሚመለከተው ከማን እንደ መጣና በስንት ቀን እንደ ተጻፈ ነው። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ያወጣው ማን ነው? መቼ ነው? ከዚያ በፊትስ ያወጣው እውነት ሆኖ ተገኝቶአል ወይ? ፎቶግራፉን በጉግል ሌንስ ወይም ታይን አይ በሚባለው መፈለጊያ ውስጥ አስገብቶ የትና መቼ እንደ ታየ መፈለግ ይቻላል። ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት የወጣ ሥዕል «የዘንድሮ ሞዴል» ተብሎ ሲዞር የሚያዘው በዚህ መንገድ ነው፤ ሥራውም አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወሬ ከምንጩ እየራቀ ሲሄድ እንዴት እየጠነከረ እንደሚመጣ በ2012 በስዊድን አገር ዴይ4 የተባለ ድርጅት ሆን ብሎ ባደረገው ሙከራ ታይቶአል። የድርጅቱ ሰዎች በኮምፒዩተር ላይ ራሱ ከተለመደው ሁሉ የተለየና ለሥራም የማይመች አንድ እንግዳ ብሎን ሣሉ። ሥዕሉን በኢሜይል ለራሳቸው ላኩ፤ ኢሜይሉ የተከፈተበትን ስክሪን በካሜራ አነሡ፤ ከዚያም ስማቸውን ሳይገልጡ ይህ አፕል የሚያሠራው ብሎን እንደ ሆነ በሚያስመስል ቃል በኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ሥዕሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በታወቁ የቴክኒክ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ በየአገሩም ክርክር ተነሣበት። መጀመሪያ ያወጡት «ምናልባት» ብለው ሲጽፉ ከእነርሱ የቀዱት ምናልባቱን ጣሉ፤ ከእነዚያም የቀዱት አፕል ደንበኛው ዕቃውን ራሱ እንዳይጠግን ሊቆልፍበት ነው እያሉ ማዘን ጀመሩ። ድርጅቱ ቆይቶ እውነቱን በዝርዝር አስታወቀ።

በዚህ ሙከራ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፣ ሃያ ጋዜጦች ከአንድ ሥዕል የቀዱ እንደ ሆነ ምስክሩ አንድ እንጂ ሃያ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው የሥዕሉ አሠራር ነው። በኮምፒዩተር የተሣለ ዕቃ ከመጠን በላይ ንጹሕ ስለሚሆን ዐይን ይጠራጠረዋል። ሥዕሉን ከስክሪን ላይ መልሶ በካሜራ ማንሣት ግን የስክሪኑን መስመርና ጉድለት ስለሚጨምርበት ንጽሕናው ይሸፈናል፤ «አንድ ሠራተኛ ተደብቆ ያነሣው ነው» የሚለውንም ተረት ያጠናክረዋል። ስለዚህ ሾልኮ ወጣ የተባለ ዕቃ በቀጥታ ሳይሆን ከስክሪን ላይ የተነሣ ሆኖ ሲቀርብ ጥርጣሬ ሊጨምር ይገባል።

አስመሳይ ሰው ከባዶ ተነሥቶ አይሠራም፤ ሰው አስቀድሞ የሚጠብቀውን ነገር መርጦ ይሠራል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኤንኤክስ በሚል የሥራ ስም ያዘጋጀው የነበረ የጨዋታ መሣሪያ ገና ሳይገለጥ በማርች 2016 የመሣሪያው መቆጣጠሪያ የተባሉ ፎቶግራፎች ወጡ። ቅርጹ ኩባንያው አስቀድሞ ለፈጠራ መብት ባስገባው ማመልከቻ ላይ ከነበረው ሞላላ ንድፍ ጋራ ስለ ገጠመ ብዙ ሰው አመነ። ጥቂት ቀኖች እንዳለፉ ሠሪዎቹ ራሳቸው ወጥተው እንዴት እንዳበጁት አሳዩ። እውነተኛው መሣሪያ ኒንቴንዶ ስዊች ተብሎ በኦክቶበር 2016 ሲገለጥ ከፎቶግራፎቹ ጋራ የሚመሳሰልበት ነገር አልነበረውም። እንግዲህ ከአንድ የታወቀ ሰነድ ጋራ መግጠም ማስረጃ ሊሆን የሚችለው አስመሳዩ ሰነዱን ሳያይ የሠራው መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ያውም አይረጋገጥም።

ከዚህ በተቃራኒ በእርግጥ እውነት ሆኖ የተገኘውን እንመልከት። በማርች 2010 በካሊፎርኒያ ሬድዉድ ሲቲ ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተረስቶ የቀረ ስልክ ተገኘ። ስልኩ የቀድሞውን አይፎን 3ጂኤስ የሚያስመስል ከቨር ለብሶ ነበረ። ጊዝሞዶ የተባለው የዜና አቅራቢ 5,000 ዶላር ከፍሎ ወሰደውና ኤፕሪል 19 ቀን 2010 ፎቶግራፉን አወጣ። ፎቶግራፉን ያዩ አንዳንድ ሰዎች በብረቱ ጠርዝ ላይ የሚታዩትን መገጣጠሚያ መስመሮች እያመለከቱ «አፕል እንዲህ ያለ ስንጥቅ ያለበት ሥራ አይሠራም» ብለው ነበረ። ስልኩ ጁን 7 ቀን 2010 አይፎን 4 ተብሎ ሲገለጥ ግን ብረቱ ራሱ አንቴና መሆኑና መስመሮቹም አንቴናዎቹን የሚለያዩ መሆናቸው ታወቀ። በጣዕም የተሰጠ ፍርድ ደካማ መሆኑ በዚህ ይታያል። የዚህን ስልክ እውነተኛነት ያስረዳው የውጭው ፎቶግራፍ አይደለም፤ ተከፍቶ ሲታይ የውስጡ ክፍሎች የአፕል ስም የተጻፈባቸው ሆነው መገኘታቸውና ከሁሉም በላይ ኩባንያው ንብረቱ እንዲመለስለት በጽሑፍ መጠየቁ ነው። ንብረቴ ነው ብሎ የሚጠይቅ ባለቤት ያለው ዕቃ እንግዲህ ወዲያ አያከራክርም።

ስለ ፎቶግራፉ

ፎቶግራፉን በስልክ ስክሪን ላይ በችኮላ ማየት አይበቃም፤ በሰፊ ኮምፒዩተር ላይ አጉልቶ በዝግታ መመልከት ያስፈልጋል። በቅድሚያ ብርሃኑ ይታይ። መብራት ከግራ ከመጣ የስልኩም ጥላ፣ የያዘው እጅም ጥላ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ዕቃም ጥላ ወደ ቀኝ ይወድቃል። የአንዱ ጥላ ወደ ሌላ ወገን ከሄደ ወይም ጨርሶ ከሌለ ስልኩ ከሌላ ሥዕል መጥቶ ተለጥፎአል ማለት ነው። ስልክ መስታወት እንደ መሆኑ በዙሪያው ያለውን ነገር መልሶ ማሳየት አለበት፤ ጣት ጠርዙን ሲይዝ የጣቱ ነጸብራቅ በመስታወቱ ላይ ይታያል። ይህን ነጸብራቅ አስተካክሎ መሥራት አድካሚ ስለ ሆነ ሰነፍ አስመሳይ ይተወዋል።

ቀጥሎ በስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ይመርመር። የበራ ስክሪን በካሜራ ሲነሣ ብዙ ጊዜ እንደ ሐር ጨርቅ የሚዋዥቅ መስመር ይወጣበታል፤ ከዳር ያለው ብርሃንም ትንሽ ይፈዛል። ስልኩ ደብዝዞ ስክሪኑ ብቻ ጥርት ብሎ ከታየ ተለጥፎአል። ሰዓቱንም ማየት ይጠቅማል። አፕል በማስታወቂያ ሥዕሎቹ ላይ ሰዓቱን 9፡41 ማድረጉ የታወቀ ልማድ ነው። ተደብቆ ተነሣ በተባለ ፎቶግራፍ ላይ ይኸው ሰዓት የታየ እንደ ሆነ ስክሪኑ ከማስታወቂያ የተቀዳ ይመስላል።

በጀርባው ላይ የተጻፉት ትናንሽ ፊደሎችና ምልክቶች ደግሞ ዐይን የማይጥላቸው ቢሆኑም ብዙ ይናገራሉ። የፊደሉ ቅርጽ ኩባንያው ዘወትር ከሚጠቀምበት ጋራ አንድ ነው ወይ? የሞዴሉ ቁጥር እንደ ቀድሞው አቆጣጠር ነው ወይ? የአውሮፓ የደንብ ተስማሚነት ምልክት በትክክለኛው መጠን ተቀርጾአል ወይ? አስመሳይ በካሜራውና በቀለሙ ላይ ሲደክም ለእነዚህ ጊዜ አይሰጥም።

ከፎቶግራፉ ፋይል ጋራ የሚመጣው የካሜራና የቀን መረጃ ብዙ ይነገርለታል እንጂ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ማንም ሊለውጠው ይችላል፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶግራፍ ሲላክም ይጠፋል።

ከ2022 ወዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቃል የታዘዘውን ሥዕል በደቂቃ ውስጥ መሥራት በመቻሉ ነገሩ ከበድ ብሎአል። ሜይ 22 ቀን 2023 በአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በፔንታጎን አጠገብ ፍንዳታ የደረሰ የሚያስመስል እንዲህ ያለ ሥዕል ተሠራጭቶ የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያን ለአጭር ጊዜ ዝቅ አድርጎታል። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ሥዕሎች በተበላሹ ፊደሎችና በጣት ብዛት ይታወቁ ነበረ፤ አሁን ግን ይህ ጉድለት እየታረመ ስለ ሄደ በዚያ መተማመን አይገባም። የሚሻለው መንገድ የዚያው ዕቃ ሌላ ፎቶግራፍ ከሌላ ማዕዘን እንዲላክ መጠየቅ ነው። እውነተኛ ዕቃ ስንት ጊዜ ቢነሣ ካሜራው፣ ቁልፉና ቀዳዳው ያሉበትን ቦታ አይለውጥም። ማሽን የሠራው ሥዕል ግን በሁለተኛው ላይ ቁልፉን ትንሽ ከፍ፣ የካሜራውን ክብ ትንሽ ጠበብ ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ መለካት ነው።

ስለ ልኩ

ከምርመራዎች ሁሉ ለነጋዴ የሚመቸው ልክ ነው፤ ክርክር አይወድምና። መጠናቸው በዓለም ሁሉ አንድ የሆኑ ክፍሎች በየስልኩ ላይ አሉ። ዛሬ በአብዛኛው ስልክ ላይ ያለው ዩኤስቢ ሲ የሚባለው የቻርጀር ቀዳዳ ወርዱ 8.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው እንደ ሆነ እርሱ 3.5 ሚሊሜትር ነው። ከእነዚህ ተነሥቶ የቀረውን ሁሉ ማወቅ ይቻላል።

ለምሳሌ የስልኩ የታችኛው ጠርዝ ፊት ለፊት የተነሣበት ፎቶግራፍ አለ ይባል። በወረቀት ላይ ታትሞ በማስመሪያ ሲለካ የቻርጀሩ ቀዳዳ 21 ሚሊሜትር፣ የስልኩ ወርድ በሙሉ 150 ሚሊሜትር ሆነ። 8.4 ለ21 ሲካፈል 0.4 ይሆናል፤ ይህም በወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ሚሊሜትር በስልኩ ላይ 0.4 ሚሊሜትር መሆኑን ያሳያል። 150 በ0.4 ሲባዛ 60 ስለሚሆን የስልኩ እውነተኛ ወርድ 60 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። አቅራቢው ግን «ስክሪኑ 6.7 ኢንች ነው» ብሎአል። ርዝመቱና ወርዱ 20 ለ9 የሆነ የ6.7 ኢንች ስክሪን ወርዱ ብቻውን 70 ሚሊሜትር ይደርሳል። 70 ሚሊሜትር ስክሪን በ60 ሚሊሜትር ስልክ ላይ እንዴት ተቀመጠ? በማስመሪያው ላይ አንድ ሚሊሜትር ስሕተት ቢኖር እንኳ ውጤቱ ከ57 እስከ 63 ሚሊሜትር ስለሚሆን ልዩነቱ አይታረቅም። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በዚህ ማስመሪያ መፍረድ አይቻልም ነበረ፤ ፎቶግራፉን ይበልጥ አጉልቶ እንደ ገና መለካት ያስፈልጋል። ደግሞም የሚወዳደሩት ሁለት ነገሮች ከካሜራው እኩል የራቁ መሆን አለባቸው። ፊት ለፊት ያለውን ቀዳዳ ከኋላ ካለው ካሜራ ጋራ ማወዳደር ያሳስታል፤ የቀረበ ነገር ሁልጊዜ ተልቆ ይታያልና።

ከልክ በተጨማሪ ዕቃው ሊሠራ የሚችል መሆኑ ይታሰብ። ብረት የራዲዮ ማዕበል አያሳልፍም። ስለዚህ ሰውነቱ ብረት የሆነ ስልክ አንቴናው የሚወጣበት የፕላስቲክ መስመር ወይም የመስታወት ክፍል ያስፈልገዋል። ዙሪያውን ጀርባውን አንድ ወጥ ብረት አድርጎ ያለ ምንም መስመር የሚያሳይ ሥዕል ውብ ሊሆን ይችላል፤ ስልክ ግን ሊሆን አይችልም።

ስለ መዝገብና ስለ አምሳያ

ምርመራው ከዚህ ከደረሰ በኋላ ወደ መንግሥት መዝገብ መሄድ ይገባል። በአሜሪካ ራዲዮ የሚያሠራጭ ዕቃ ከመሸጡ በፊት በፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ዘንድ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት፤ የመታወቂያ ቁጥሩም ለሕዝብ በተከፈተው መዝገብ ላይ ይገኛል። በቻይናም ቴና የሚባለው የማረጋገጫ መሥሪያ ቤት የስልኮችን ፎቶግራፍና ልክ ሳይቀር ሲያወጣ ቆይቶአል። አምራቾች ፎቶግራፋቸው ለጊዜው በምስጢር እንዲያዝ ሊጠይቁ ስለሚችሉ መዝገቡ ላይ አለመገኘት ሐሰትነትን አያስረዳም፤ መገኘት ግን ብዙ ያስረዳል።

አንዳንድ ጊዜ የሚሾልከው ብዛት ራሱ ጥርጣሬን ያጠፋል። በ2018 የጉግል ፒክስል 3 ኤክስኤል ከመገለጡ ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ በዩክሬን በኩል ከነሣጥኑ ወጥቶ ሲሸጥና ሲሠራ በቪዲዮ ታየ፤ ኦክቶበር 9 ቀን 2018 ሲገለጥም ያው ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በጁን 2019 ደግሞ ስለ ፒክስል 4 ብዙ ስለ ተወራ ጉግል ራሱ የስልኩን ጀርባ ሥዕል አወጣው። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

በከቨር ንግድ ላይ ያሉ ሰዎች በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባው ባዶ አምሳያ ነው። ስልኩ ከመውጣቱ በፊት በወሬ በተገኘ ልክ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተቀረጸ፣ በውስጡ ምንም የሌለው አምሳያ ለከቨር ሠሪዎች ይሸጣል። የዚህ ፎቶግራፍ ብርሃኑም ጥላውም ልኩም ትክክል ነው፤ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነውና። ልኩ ግን እንደ ወሬው ነው። ከእርሱ የተወሰደው ከቨር ሲለብሰው መግጠሙ ምንም አያስደንቅም፤ ሁለቱም ከአንድ ወሬ የተወለዱ ናቸውና። ስክሪኑ በርቶ የማያውቅ፣ ሁልጊዜ ጠፍቶ ወይም በወረቀት ተሸፍኖ የሚነሣ ስልክ አምሳያ መሆኑን መጠርጠር ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ በተመለከተ ማንም ከውጭ ሆኖ በእርግጥ ሊመልሰው አይችልም። አፕል ኤርፓወር የተባለውን ሦስት ዕቃ በአንድ ጊዜ ያለ ገመድ የሚሞላ ቻርጀር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2017 በራሱ መድረክ ላይ በይፋ ካሳየ በኋላ የሚፈለገውን ጥራት አላገኘሁበትም ብሎ ማርች 29 ቀን 2019 መተዉን አስታወቀ። ይህ ፎቶግራፍ የሾለከ አልነበረም፤ ባለቤቱ ያወጣው ነበረ፤ ቢሆንም ዕቃው ለሽያጭ አልቀረበም።

ስለ ማዘዣው ደብዳቤ

ምርመራው ሁሉ ተደርጎ ነጋዴው ለማዘዝ የቆረጠ እንደ ሆነ ደብዳቤው «በተላከልን ፎቶግራፍ መሠረት» በሚል ቃል መጻፍ የለበትም። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ፎቶግራፉ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ አቅራቢውን ነጻ ያወጣል፤ ከቨሩ ከፎቶግራፉ ጋራ ገጥሞለታልና። በዚህ ፋንታ የስልኩ ሞዴል አምራቹ በይፋ በሚገልጠው ስምና ልክ ይጠቀስ። ቀብዱ ከጠቅላላው ዋጋ አነስተኛ ይሁን። ሁሉም ዕቃ ከመሠራቱ በፊት የጥቂት ከቨር ናሙና እንዲላክ ይጠየቅ። አቅራቢው ልኩን ያገኘው ከእውነተኛ ስልክ፣ ከአምሳያ ወይስ ከሥዕል መሆኑን በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ይደረግ፤ በዚህ ጥያቄ ላይ መልሱ የዘገየ እንደ ሆነ ቀብዱም ይዘግይ። ዋናው ቃል እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል፦

«አምራቹ ኩባንያ ስልኩን በይፋ በሚገልጥበት ቀን የሚያወጣው ርዝመት፣ ወርድ፣ ውፍረትና የካሜራ ቦታ እናንተ ከላካችሁት ልክ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ የተለየ እንደ ሆነ፣ ወይም ስልኩ በዚህ ዓመት ሳይወጣ የቀረ እንደ ሆነ፣ የተቀበላችሁትን ቀብድ በ15 ቀን ውስጥ ልትመልሱ፣ ያልተጫነውም ዕቃ በእናንተ ዘንድ ሊቀር ተስማምተናል።»